ከጎን በር

ሰባተኛው ክፍል ኬሚ የገባ ማታ፣
ብርዱ ጆሮ ቆራጭ፣ አዳራሹ ጸጥታ።
እኔ ቲኬት ቀዳጅ፣ ከጎን በር የቆምሁ፣
ፊልሙን መች አየሁት? ፊታቸውን አየሁ።

ሰማያዊ ሲሆን የሁሉም ግንባሩ፣
መርከቧ ተነሥታ ራቀች ከምድሩ።
ሲቀላ፣ ተኩስ ነው። ሲጨልም፣ የሞተ አለ፤
የሲርካ ፈንዲሻ አፏ ደጅ ላይ ተንጠለጠለ።
ማንም አላጨበጨበም። ማንም አልጮኸም።
እዚህ አገር እንባም በር አያንኳኳም።

ከዚያ ያ ካፒቴን፣ አራተኛው ክፍል ላይ የሞተው
(ከፊታቸው ነው የገባኝ፣ እሱ መሆኑ)
ከጭሱ መሐል ብቅ ሲል፣
አርሞ፣ የበረዶ ሰባሪዋ መርከብ ጡረተኛ መካኒክ፣
ከነካፖርቱ ብድግ አለ።
«ቀብረንህ ነበር እኮ!»
እንደ ተበደረ ሰው ሳይሆን እንዳበደረ፣ ተቆጥቶ።

ሠላሳ አራት ራስ ዞረ።
ከፊት ወንበር አንዲት ልጅ፣ አገጯን ወንበሩ ላይ አስደግፋ፦
«ታዲያ፣ እንኳን መጣህ አይሉትም?»

አርሞ ባርኔጣውን አወለቀ።
«እንኳን መጣህ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ለመጋረጃው።
ማንም አልሳቀም።
አንድ ሁለቱ ግን አንገታቸውን ነቀነቁ፣
ባቡር ጣቢያ ዘመድ እንደሚቀበል ሰው።

መብራቱ ሲበራ የወደቀ ጓንት ለቀምሁ፤
ሦስት ግራ፣ አንድ ቀኝ።