መነሻው ተነሣ

እኔ ዘንግ ያዥ ነበርሁ፤ ሥራዬ መቆም፣
የቢንቢው መንጋ ቅንድቤ ላይ ቢከትም
እጄን አላነሣም፣ ራሴን አላክም፣
ጉንቮር በመነጽሯ ቁጥሩን እስክትለቅም።

አገሩ ክቫርከን፣ የፊንላንድ ዳርቻ፤
ሌሊት ማለት እዚያ የዐይን ጥቅሻ ብቻ።
ከዐለቱ ብሎን ተነሥተን፣ ቁልቁል ወደ ባሕር፣
የአንዱን ድንጋይ ከፍታ ለሌላው ስናበድር፣
ማታ ላይ ደረስን ከሩናር የጀልባ ቤት፤
ደጁን ሳማ ውጦታል፣ ውሃ የለበት።
ሁለት መቶ ርምጃ ወዲያ ነው ማዕበሉ፤
መቅዘፊያው ግድግዳ ላይ፣ መረቡም ከነውሉ፤
እንግዳ እንደሚጠብቅ በሩን እንደከፈተ
ቤቱ ቆሞ ቀረ፤ ባሕሩ ጥሎት ሸፈተ።

"ሸሸ" አለን ሩናር፣ ፒፓውን በጥርሱ ነክሶ፣
ወደ ዐለቱ ጥግ በከዘራው ጠቁሞ፣ ተመልሶ፤
"ቅድመ አያቴ ውሃው በቆመበት ዐለቱን ጫረ፤
አያቴ ከሥሩ ጫረ፤ አባቴም ከሥሩ ጫረ።
እያየነው ሸሸ፤ ሌባ እንዲህ ነው፣ በእግር ጣቱ፤
በከንቱ አይሸሽም፤ አንድ ነገር አለ በአንጀቱ።"

ጉንቮር ፈገግ ብላ ሁልጊዜ የምትለውን አለች፦
"ባሕሩስ ካለበት አለ፤ ምድር ናት የተነሣች።
ሦስት ሺህ ሜትር በረዶ ነበረ በትከሻዋ፤
ከወረደላት ስንት ሺህ ዓመቱ፣ ገና አልቀናም ወገቧ።
በዓመት ስምንት ሚሊ ሜትር ቀስ ብላ ትቃናለች፤
የድሮ ቁጥራችንን እንዲህ ታስዋሸዋለች።"

(በእኛ ሙያ "መነሻ" ማለት የማይነሣ ነበር፤
እንግዲህ መነሻው ሲነሣ ከምን ላይ ቆመን እንናገር?)

"ታዲያ ዜሮው የት ነው?"
"አምስተርዳም።"
"ኧረ!" ብሎ ሣቀ፤ ሣቁ ወደ ሳል ዞረ፤
"የእኔ ደጅ በሰው አገር ውሃ መለካት ጀመረ?"

ከዚያ ዝም አለ። ከዘራውን አነሣ።
በነጫጭ ዛፎቹ መሐል፣ ሣሩ ካረገበበት፣
አንድ ስፍራ ላይ ቆመ፤ ድንጋይ የለ፣ ምልክት።
"እዚህ ለኪልኝ" አለ። "ከዚህች ስንዝር መሬት።"

ጉንቮር ከቱቦው ውስጥ የድሮ ካርታ አውጥታ
ከእጇ መሣሪያ ጋር አስተያየችው ለአፍታ።
አልገጠሙም፤ ሁለት መቶ ሜትር ይዛነፋሉ፤
የምድርን እንብርት ሰዎች ናቸው እየነቀሉ የሚተክሉ።
በካርታው ሰማያዊ ነው፤ ግማሽ ሜትር ጥልቅ ባሕር፤
በእኛ ቁጥር ደረቅ ነው፤ ከዜሮው ስድስት ሳንቲም ያለፈ ምድር።

"የቱን ልትጽፊ ነው?" አላት። "የትኛው ነው እውነቱ?"
"ሁለቱንም" አለች፤ "እያንዳንዱን ከነዓመተ ምሕረቱ።"
"ምሕረቱ ስንት ዓመት ነው?" አለ፤ የቀለደ መሰለን።
ከዚያ የነጥቡን ስም ጠየቀችው፤ ቅጹ ስም ይላል።
"ኤድቪን" አለ።
ውሻው መሰለኝ።

(በኋላ ነው የሰማነው፤ ምራቱ ማይሊስ ናት
ሳህን እያጠበች የነገረችን በምሽት።
ወንድም ነበረው፣ ኤድቪን፣ አራት ዓመት ያልሞላው፤
"ጠብቀው" የተባለ የዘጠኝ ዓመቱ ሩናር ነው።
ልጅ መቼም ልጅ ነው፤ ዓሣ አየ፣ ዞር አለ፤
ጉልበት የማይሞላ ውሃ ለሕፃን ውቅያኖስ አከለ።
ሰባ ዓመት ምድር ሲነሣ ያ ውሃ ሣር ሆነ፤
የሚከሰስ ባሕር ጠፋ፣ ምስክሩም በነነ።)

ያን ጊዜ ግን አላወቅሁም፤ ዘንጌን ተከልሁ በሣሩ፣
የብረት እግሩን ረገጥሁት እንዲጸና በአፈሩ።
"ጫን በለው እንጂ!" አለችኝ ጉንቮር ከሩቅ ጮኻ።
ሩናር እጄን ያዘኝ።
"ቀስ" አለኝ። "ቀስ በል።"