መቀመጫው

ጥቅምት ተጋመሰ፤ ኩህሞ ላይ ወርዷል አመዳይ፣
ሄልቪ ጠመንጃዋን አጋደመች ባንኮኒው ላይ።
«ቀይ ነጥቡንስ ገዛሁት፤ መቀመጫ ነው ያጣሁለት፣
ዓይኔ ከብረት ማነጣጠሪያው ተኳርፏል፣ ይኸው ሁለት ክረምት።»

ጠመንጃ ሠሪው ኦስሞ ሦስት አወጣ፣ ከመሳቢያው ጎትቶ፦
አንዱ ዝቅተኛ፣ ሆዱን ከብረቱ አስጠግቶ፣
አንዱ በማንሻ ወላቂ፣ መልሶም ቶሎ ገጣሚ፣
አንዱ ረጅም፣ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ቋሚ።

«ዝቅተኛውን» አለች። ሟች ባሏ ነበር የሚል፦
«ጉንጭ ካልተኛ በሰደፉ፣ ጥይት መንገድ ይስታል።»

ኦስሞ አልተከራከረም። «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ አንሺው፤
ከትከሻሽ ሲያርፍ ግለጪ፤ ነጥቡን የት አገኘሽው?»

ጨፈነች፣ አነሳች፣ ገለጠች፤ መስታወቱ ባዶ፤
ነጥቡ ከታች ቀርቷል፣ የማይታጠፍ አንገቷን ክዶ።

ረጅሙን ሞከሩ። ጨፈነች። ገለጠች።
መሐሉ ላይ አንዲት ቀይ ፍሬ፣ በረዶ ላይ እንደ ወደቀች።

«ባልሽ አንገቱ ደህና ነበር» አለ፣ ብሎኑን እያጠበቀ፣
ቀኝና ግራውን በየተራ፣ ጥርሱ እንዳይበላ እየተጠነቀቀ።

ሄልቪ መልስ አልሰጠችም።
የሁለቱንም ከፈለች።
ዝቅተኛው ኪሷ ገባ።