ቀሪ

ደንበጫ ሳይነጋ፣ ከመናኸሪያው ጥግ፣
ስምንት መምህራን፣ መኪና ስንፈልግ፣
ሚኒባሱ ጢም ብሏል፣ አውቶቡሱ ቀርቷል፣
አይሱዙው በቆሎ እስካፉ ተጭኗል፤
«ውጡ እንጂ መምህር! ከላይ ቦታ ሞልቷል!»

የፊርማው መዝገብ ግን ይህን አይጠይቅም።
ልክ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቀይ እስክሪብቶ አይደክምም፣
መስመር ይሰመራል፤ ከዚያ በታች ያለ
ስሙም ደመወዙም በቀዩ ጎደለ።

ይደርሳል ይባላል፤ ፊዚክስ አስተማሪ፣
ካንድ ግቢ ተከራይ፣ በአንድ ባልዲ ኗሪ።
በስሙ ሁልጊዜ እንቀልድ ነበረ፦
«አንተ ካለህበት መኪናው መች ቀረ!»

ያን ቀን ኩንታሉ ላይ፣ ገመድ እንደያዘ፦
«ፍሬን ድንገት ቢያዝ፣ መኪናው ሲቆም
እኛ እንቀጥላለን፤ ይህ ሕግ አይሻርም፤
ዛሬ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ አስተምረዋለሁ»
ይልና ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

የተምጫ ቁልቁለት። ድልድዩን ጉም ውጦት፣
አንዲት አህያ ቆማ ከመሐል አስፋልት።

የቀረውን አልጽፍም።

በቆሎው ብቻ ነው ዛሬም የሚታየኝ፦
ጥቁሩ መንገድ ላይ ቢጫ ፍሬ፣ ፍሬ፣
የሰው ጫማ መሐል። አንዱ ጫማ የኔ።
ያረመው ፈተና አንድ ባንድ በረረ፤
የዘጠነኛ «ሐ» ውጤት ተምጫ ላይ ቀረ።

ሦስት ወር በጀሶ ተኝቼ ተነሣሁ፣
ሚስቱን አንጓችን ይዤ ከቢሮ ገባሁ።
የቅጹ ጥያቄ፣ አራተኛው ተራ፦
«አደጋው ሲደርስ ነበሩ ወይ ሥራ?»
«መንገድ ሥራ አይደለም» አለን ባለ ቢሮው፣
«ሥራ ማለት» አለን፣ «ፊርማው ሲፈረም ነው።»

አንጓች ዝም ብላ ቆይታ ተናገረች፦
«ታዲያ ልብስ ተኩሶ፣ ጠመኔ ከኪሱ፣
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በብርድ መገሥገሡ
ለምን ኖሯል ጌታው? ሽርሽር ነበረ?»
ሰውየው ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ቀበረ።

ትናንት ትምህርት ቤቱ ተመልሼ ሄድሁ፣
የዚያን ቀኑን ገጽ ገልጬ አየሁ።
በስሙ ትይዩ፣ በዚያው ቀይ ቀለም
«ቀሪ» የሚል አለ። ማንም አልሰረዘም።
ከሱ በታች የኔ፤ እሱም «ቀሪ» ይላል።
የኔውን ልተወው፤ የሱ ግን ተሳስቷል፦
እሱስ መንገድ ላይ ነው፣ ሄደ እንጂ መች ቀረ፤
ቀሪው እኔው ነበርሁ፤ የኔ ልክ ሰፈረ።

ዛሬ ያው ጥግ ቆምሁ፣ በከዘራ። ጉም አለ።
አንድ አይሱዙ መጥቶ አጠገቤ ዘገየ፤
«ውጡ እንጂ መምህር! ምን ይጠበቃል?
ሁለት ሰዓት ሳይሆን በርግጥ ይደርሳል!»

ስሙን ሲጠራብኝ፣ እግሬ ከመሰላሉ
ወረደ።
አውቶቡስ እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።
ይሰመር ቀዩ መስመር፤
አርፍጄ እደርሳለሁ።