ጥጥ ብቻ

«ጥጥ ብቻ» አለችኝ ሲስተር የትምወርቅ፤
«ናይለን ብልጭታ አለው፣ ከዚህ ሣጥን ይራቅ።»
ሰዓቴን ፈታሁ፣ ቁልፌን አስረከብኩ፣
ክብሪት ቢገኝ ብዬ ኪሴን አራገፍኩ።
የሰጠችኝን ጋዋን ግን ጫፉን አሸት አድርጌ
«ሲስተር፣ ይሄ ፖሊስተር አለበት» አልኳት፤
«አርባ ዓመት ጨርቅ ዳብሻለሁ።
የማይሰማው እግሬ ነው እንጂ ጣቴስ ገና ያውቃል።»
ስቃ ሌላ አመጣች።

ነገሩ የጀመረው በዚሁ በእግሬ ነው፣
ፔዳሉን በሚረግጠው።
ፒያሳ፣ ሱቄ ሳይፈርስ፣ አንድ ቀን ከመሸ
ካልሲዬን ሳወልቅ ተጣብቆ እምቢ አለኝ።
ገልብጬ ባየው፣ ከአውራ ጣቴ ሥር
የገዛ ስፒሌ፣ ያቺ ባለ ቀይ ራሷ፣
እስከ አንገቷ ተሰክታ ውላለች።
ምናልባትም አድራለች።
ሕመም የሚሉት ዘበኛ፣ ስኳር ደሞዙን ቢከለክለው፣
በሩን ክፍት ትቶ ከሄደ ሰንብቷል።

ቁስሉን በሜትሬ ለካሁት፤
መስከረም ላይ የቁልፍ ቀዳዳ፣
ጥር ላይ የኪስ አፍ።
አንዷ ጣት ሄደች። ስለቀሩት ዶክተሩ እንዲህ አለኝ፦
«ደምህ እዚያ ድረስ ባዶ እጁን ነው የሚሄደው፣
እስቲ ትንፋሽ እናስይዘው።
እንሞክር እንጂ ቃል አልገባልህም።»
እኔም ለደንበኛ እንዲህ ብዬ አውቃለሁ፣
ጨርቁ ሲያጥር።

ከመስታወቱ ቧንቧ ገባሁ። በሩ ተጠረቀመ።
ስስስስ።
ለገሃር ጥግ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተጋድሜ
ቁልቁል ወረድኩ፤
ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ እንደሚወርድ አውቶቡስ
ጆሮዬ ተደፈነ፣ ምራቄን ዋጥኩ፣ ጧ ብሎ ተከፈተ።
በመስኮቱ ማዶ ወያላው አፉን ሲከፍት አያለሁ፣
ሜክሲኮ ይበል ስታዲየም አልሰማም፤
የሚኒባሱ ጭስ ግን ይታየኛል፣
ሰዉ በነጻ ሲምገው።
እኔ ለተጣራው በሰዓት እከፍላለሁ፤
የሶስናን ዕቁብ ነው የምተነፍሰው፣
ልጄ ማቀዝቀዣ ልትገዛበት የነበረውን።
ቀስ ብዬ እስባለሁ፣ እንዳይባክን።

ከጎኔ ባለው ሣጥን ሐጂ ሙዘይን ነበሩ።
ከመስታወት ወደ መስታወት በጣት እናወራለን፤
ጣቶቼን መቀስ አድርጌ ሙያዬን ነገርኳቸው፣
እሳቸው ሚዛን ሠርተው አሳዩኝ፣ የመርካቶ ሰው ናቸው።
እኔ አሥራ ሁለት ስል፣ እሳቸው ሃያ ዘጠኝ፤
የቀናችን ቁጥር ነው።
በሠላሳኛው አልመጡም።
በሳምንቱ በልጃቸው እጅ ፌስታል ደረሰኝ፤
ግራጫ የሱፍ ሱሪ፣ ወረቀት የተሰካበት፦
«ሸዋንግዛው ወንድሜ፣ የቀኙን ብቻ አሳጥርልኝ።
ከጉልበት በታች አራት ጣት።»

ስንት ሺህ ሱሪ አሳጥሬያለሁ፣ ሁልጊዜ ጥንድ ነው፤
አንዱን እለካለሁ፣ ሌላውን በእሱ ልክ እቆርጣለሁ።
ያን ቀን ልክ አጣሁ።
ፔዳል መርገጥ ተከልክያለሁና በእጄ ሰፋሁት፣
በስውር ስፌት፣ ክሩ እንዳይቆረቁራቸው።
የተረፈውን ቁራጭ መጣል አቃተኝ፣
አጥፌ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት።

ሹም ይሻራል ይላሉ፣ ቁስልም ይሽራል።
የሹሙን ስንቴ አይቻለሁ፤
ለወጣውም ለወረደውም ኮት ሰፍቻለሁ።
የቁስሉን ገና እጠብቃለሁ።

ዛሬ ሃያ ስድስተኛዬ ነው።
ፋሻው ሲፈታ ሜትሬን አወጣሁ፤
የኪስ አፍ አይደለም፣
የቁልፍ ቀዳዳም ገና አልሆነም፤
ዙሪያውን ግን፣ ጥለቱ ላይ፣
አንድ ነጠላ ክር የሚያህል ሮዝ ነገር ጀምሯል።
«ስንት ሆነ?» አለችኝ ሲስተር የትምወርቅ።
«ክፉ አፍ አይስማ» ብዬ ሜትሬን ጠቀለልኩ።
ጋዋኑን አቀበለችኝ።
ዳበስኩት።
ጥጥ ነው።