ሞተሩን አጥፍቶ

ሄርማታ፣ ከጫማ ጠጋኙ ጀርባ፣ ቆርቆሮ ቤት፤
አራት ኮምፒውተር፣ ነፍስ ያላቸው ግን ሁለት፣
በአንድ ሽቦ የተጠመዱ።
ግማሽ ሰዓት በሁለት ብር። ሸሪፉ በሩ ላይ ካሲዮውን እያየ ይቆጥራል፤
ዝናቡ ከላይ ጣራውን ይደበድባል።
እኛ ግን መሬት የለንም፤ ሰማዩ ጥቁር መስታወት ነው፣
ኮከቡም ማንም ያልጠረገው፣ የተደፋ ጨው።

«መርከብ ምረጥ» ይላል። አምስት ናቸው።
የራሳቸውን ስም ማንበብ ስላቃተን፣ እኛው ስም አወጣንላቸው።
ትልቁን «ጉማሬ» አልነው፣ የቦዬን ውሃ አስበን፤
ጋሻው ሦስት ድርብ፣ ሆዱ ጭነት፣ ለመዞር ግን ሲያቃስት ዋለብን።
ትንሿን «ተርብ»። ጋሻ የላት። አንድ ጥይት ካገኛት አበቃ፤
ግን በመርፌ ቀዳዳ ሾልካ ትወጣለች፣ ጠላት ሳይነቃ።

እኔ ሁልጊዜ ጉማሬን። ሹራብ በሹራብ ደርባ
የላከችኝ እናት ልጅ ነኝ፣ ብርድ እንዳይገባ።
ነዚፍ ተርብን። «ጋሻ» ይላል፣ «ለሚገኝ ሰው ነው፤
እኔን ማን ያገኘኛል?» የተገኘበትን ቀን ቶሎ ነው የሚረሳው።

ደግሞ ያስተምረኛል፣ ጣቱ ከቁልፉ ሳይነሳ፦
«ፊት ለፊት አትግጠም፤ አንተ ጎሽ አይደለህ፣ እሱም አንበሳ።
ፀሐይዋን ከጀርባህ አድርግ፣ ዓይኑን ትውጋልህ፤
መድፉ ሲግል ይከዳሃል፤ ጠብቅ እስኪበርድልህ።
ሲያባርርህ አትሩጥ። ሞተርህን አጥፋ።
ሰማይ ፍሬን የለው፤ የያዝከው ፍጥነት አይጠፋ።
አፍንጫዋን ብቻ መልስ፤ ወደ ኋላ እየተንሳፈፍክ
እንግዳ እንደሚቀበል ሰው፣ ፊትህን ወደ እሱ እንዳዞርክ።
‹መጣሁልህ› ብሎ ሲጣደፍ፣ በራሱ ጥድፊያ ይገባልሃል።»

እኔ አልገባኝም። ጅማ ላይ ያልተገፋ ነገር ቆሞ ያድራል፤
ጋሪው፣ ጭቃ የያዘው ኤንትሬ፣ የአጎቴ ጉዳይ ከቀበሌ።
ሞተሩን አጥፍቶ የሚሄድ አላየሁም በዘመኔ።

አንድ ሐሙስ ማታ ተወራረድን፣ የተሸነፈ ሁለቱንም ሊከፍል።
እኔ በጉማሬ፣ እሱ በተርብ፣ ከተሰበረ ጣቢያ ሥር ስንሽከረከር፣ ስንከባለል፣
ጋሻዬን አንድ በአንድ ላጠው፣ እንደ ሸንኮራ።
አሳደድኩት። ድንገት ጭራው ላይ ያለችው ሰማያዊ እሳት ጠፋች፤ መሰለኝ ኪሳራ።
«ነዳጅ አለቀበት!» ብዬ ገሰገስኩ በሙሉ ጉልበት፤
ተርብ ግን ዞራለች። አፍንጫዋ ደረቴ ላይ፣ ልክ እንደ ጣት።
ቀይ መብራቷ ሲበራ አየሁ፦

የሰፈሩ መብራት ሄደ።

ጨለማ። ዝናቡ ብቻ። ከጎኔ የነዚፍ ድምፅ፦ «ሞተሃል።»
«አልሞትኩም፤ አልተኮስክም።» ሸሪፉ ክብሪት ጭሮ፦ «አራት ብር ይሆናል።»
ሁለት ሁለት ከፈልን፤ ፍርዱ ግን እንዳደረ ነው፣
አስራ ስምንት ዓመት።

ባለፈው ወር፣ ቤንዚን የጠፋ ሰሞን፣ ከጅሬን ስወርድ አንድ ባጃጅ አስቆምኩ፤
ነዚፍ ነው። ከኋላ ተቀመጥኩ።
ቁልቁለቱ ሲጀምር ቁልፉን ጠመዘዘ፤ ዝም አለ ሁሉ ነገር፤
ጎማው ብቻ፣ ነፋሱ፣ ከታች የከተማው ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ በጀምበር።
አንገቱን መልሶ፣ መንገዱን ትቶ፣ ወደ ኋላ እኔን አየኝ፦
«ጉማሬ፣ አሁን ገባህ?» ብረቱን ጨበጥኩ። ፍየሏን ለጥቂት ሳታት፤ ሳቀብኝ።

አዌቱ ድልድይ ላይ ፍጥነቱ አለቀ። ምድር ሰማይ አይደለችም።
ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ። ሳል ብቻ። አልነሳም።
ከሂሳቡ ላይ ሁለት ብር ጨመርኩለት፤ «የዚያች ሐሙስ» አልኩት።
ቆጥሮ ኪሱ ከተተ፣ ሳይከራከር፣ እንደ ዕዳ።
ከዚያ ወረድኩ። ሹራቤን አውልቄ ወንበሩ ላይ ጣልኩት፣
ገፋሁ።