ጅራት የሌላቸው ስሞች

ግሪምዝቢ፣ ማክሰኞ ማታ፣ ከባሕር የሚነሳ ጉም፤
ከቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ ዘጠኝ ወንበር፣ አንድ ቀይ ቀለም።

ዳይቫ ከፋብሪካ መጣች፣ እጇን ሦስቴ ታጥባ፤
የዓሣው ጠረን ግን ቀድሟት ከክፍል ገባ።
ቀኑን ስትቆርጥ ውላለች፣ ጅራት ከገላ ለይታ፤
አሁን ተራው የሚስስ ታክሬይ ነው፣ ቀይ ብዕሯን አውጥታ።
«ፈርኒቸርስ»፦ ጅራቱ ወደቀ። «ሆምወርክስ»፦ ወደቀ።
«ኢንፎርሜሽንስ»፦ ሦስተኛው ኤስ ደሙን ረጭቶ ደረቀ።

«እነዚህ አይቆጠሩም» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ሻይ ለብ ያለ፤
«ትንሽ በይ፣ ብዙ በይ፤ ቁጥር ግን ተከለከለ።»
«ዳቦስ?» «ዳቦም።» «ጓዝስ?» «ጓዝም።»
«ፀጉርስ?» «ማን ቆጥሮ ሊዘልቀው? እሱም።»
«ገንዘብስ?» «አይቆጠርም።» ክፍሉ ባንድ አፍ ሳቀ፤
«የኔማ ተቆጥሮ፣» አለ ኮርኔል፣ «ዓርብ ሳይደርስ አለቀ።»

በጥር ጎርፍ ገባ፤ ባሕሩ ራሱ፣ በበር ሥር ሾልኮ፤
ሲነጋ ሶፋው ተንሳፎ ነበር፣ ግድግዳውን ታክኮ።
የኢንሹራንሱ ሰውዬ መጣ፣ ቦቲውን ሳያወልቅ፣
«ስንት ፈርኒቸር ነበረሽ?» ብሎ ሊጠይቅ።
«ፈርኒቸር አይቆጠርም» አለችው፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።
የገዛ ቋንቋው ነው፤ እስክሪብቶው ግን ባየር ላይ ረጋ።

ከዚያ አንድ በአንድ ቆጠሩ፦ አራት ወንበር፣ ያበጠ ቁምሳጥን፣
አንድ አልጋ።
«የሁለት ሰው?»
«የሁለት ሰው። ሁለት ነበርን።»
(እኔ ብሆን እዚህ ጋ ድምፄ በከዳኝ።
እሷ ግን «ምንጣፍም አለ» አለችው፣ «ምንጣፉን እንዳትረሳብኝ።»)

በሳምንቱ፣ ሌሎቹ ካፖርት ደርበው ደረጃውን ሲወርዱ፣
ዳይቫ ቀረች። ከቦርሳዋ ማበጠሪያ አወጣች፣ የተሰበረ አንዱ
ጥርሱ፤ የሪማንታስ።
«ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው፣ ውሃ ሳይነካው የቀረ።
'ሄር' አይቆጠርም ብለሻል። እዚህ ሥር ግን አንድ ሽበት ነበረ።
አንዱን ብቻ ብጽፈው፣ አሁንም ስህተት ይሆናል?»
ሚስስ ታክሬይ መነጽሯን አወለቀች።
ትንሽ ቆይታ፣ «አንድ ከሆነማ» አለች፣ «ይቆጠራል።»

ጎንበስ ብላ ጻፈችው፣ ትንሿን «ኤ» ከፊት አስቀድማ።
ከታች የመጨረሻው አውቶቡስ ጮኸ፤
ቀዩ ብዕር ክዳኑን እንደለበሰ አመሸ፣ ሳይደማ።