የተገለበጠ ጣሪያ

በዐረቦች ፊደል ስምንት ጣሪያ ነው፣
ሰባትም ያው ጣሪያ፣ ነፋስ የገለበጠው።
የሙሐረቅ ጸሐፊ ሲቸኩል ለመውጣት
ስምንቴን ገለበጣት፣ ሐሙስ ከሰዓት፤
የጎረቤቴን ቪላ፣ የባለ ሁለት ፎቁን፣
እኔ ላይ ጫነብኝ ግብሩን።

አሥራ አራት ወር ከመብራት ሂሳብ ጋር
ከፈልኩ፣ ሳልናገር።
ሰው አገር
ሂሳብ መጠየቅ ጥርስ እንደ ማስነቀል፤
ሕመሙ ይሻላል፣ ጉጠቱ ያስፈራል።

ደረሰኙን ያየችው ነጅላ ናት፣
ቀሚሷን ልለካት
እግሯ ሥር ስንበረከክ፣ መርፌ በአፌ ይዤ።
«ኧረ ይሄ ያንቺ አይደለም!» አለች። እኔ ዝም፤
መርፌ የያዘ አፍ መልስ አይሰጥም።

መስኮት አራት። ተራ ቁጥር መቶ ስድስት።
ወጣቱ ፋይሉን ገለጠ፣ ደግሞ ገለጠ፣
«ይቅርታ» አለኝ። ደነገጥኩ፤
በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያዋን ሰማሁ።
መቶ አርባ ዲናር ከሁለት መቶ ፊልስ
ለወይዘሮ ሰሚራ ይመለስ።

ሰሚራ፦ ደላላው ወልድያ መናኸሪያ
ቆሞ ያወጣልኝ የቪዛ መጠሪያ።
ዕድሜም ጨመሩልኝ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣
«ምን ቸገራት፣ ትደርስበታለች» እያሉ።

«ይታይሽ ነኝ» ልለው ነበር፣ «የዚህስ ስሕተት
በየትኛው መስኮት?»
ቅጹ የሚጠይቀው የቤት ቁጥር ነው።
ሰሚራ ፈረመች፤ ብሩን ይታይሽ ቆጠረችው።

ለስፌት መኪናዬ ሞተር ገዛሁበት፣
ስምንቴም በሬ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።
ተራ ቁጥሯን ግን አልጣልኳትም፤
ከአዝራሮቹ ጋር አለች፣ በቆርቆሮው ውስጥ፣
የአምስቱ ዓመት መስኮት የተከፈተ ለት
እንደ አዲስ እንዳልሰለፍ።